ሽሮው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

*ለዕለት ተዕለት ምግብ የሚሆን የመጀመሪያ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?*

አመሻሽ ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው የእግረኛ መንገድ ከቢሮ በወጣ ሰውና በታክሲ ጠባቂ ተጨናንቋል። መጽሐፍ አዟሪው ከወገቡ እስከ አገጩ የደረደራቸውን መጻሕፍት በአንድ ክንዱ ደግፎ፣ በሌላው እጁ የተጠየቀውን ይመዛል። ከላይ ልብ ወለዶች፣ ቀጥሎ የታሪክና የፖለቲካ መጻሕፍት፣ ከዚያ ኑሮን ስለማሻሻል የሚመክሩ ትርጉሞች። ከሥር፣ ቀጠን ያለ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ላይ በሸክላ ድስት የቀረበ ዶሮ ወጥ ይታያል፤ እንቁላሎቹ ተደርድረዋል፤ ከጎኑ የተጠቀለለ እንጀራ አለ።

«የኔ እህት፣ ይሄ ሁሉም አለው፤ የባህሉም የፈረንጁም» ይላል አዟሪው። ገዢዋ ገጾቹን ታፈራርቃለች፤ ሥዕል ያለበት ላይ ትቆማለች፤ ዋጋ ተከራክራ ትወስዳለች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገዛው ሰው አዲስ ያገባ፣ ከቤተሰብ ወጥቶ ኪራይ ቤት የገባ፣ ወይም ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ነው። ከዚያ ማክሰኞ ማታ ይመጣል። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ድስት፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ግማሽ ጣሳ ምስርና በሥራ የደከመ ሰውነት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ዶሮ ወጥ ለዚህ ማታ የሚሆን መልስ የለውም።

የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ መመረጥ ያለበት ለዚያ ማክሰኞ ማታ ነው። በዓል በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ እናትም፣ አክስትም፣ ጎረቤትም አለች። ሰው ብቻውን ከምድጃ ፊት የሚቆመው በአዘቦት ቀን ነው። የመጽሐፍ ውለታው የሚታየውም ያኔ ነው።

## መምህሯ ከጓዳ ስትርቅ

ለብዙ ዘመን የምግብ መጽሐፍ ያላስፈለገን መምህሯ ቤት ውስጥ ስለነበረች ነው። ልጅቷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ «ቅመሺው እስኪ፣ ጨው በቃው?» ትባላለች። ማንም ትምህርት ብሎ ሳይጠራው ዓመታት የፈጀ ትምህርት ነበር። በርበሬ ሲያርር ምን እንደሚሸት፣ ክክ ሲበስል በጣት መሐል እንዴት እንደሚላላ፣ ወጥ ሲቀጥን ምን እንደሚደረግለት በዓይን፣ በአፍንጫና በእጅ ይወረስ ነበር።

አሁን ያቺ ልጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥናት ላይ ናት፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ካፌ ትመገባለች፤ ከዚያ ሥራ ትይዛለች። ወንድሟ ደግሞ ከመጀመሪያውም ወደ ጓዳ አልተጠራም። ሁለቱም ከቤተሰብ ርቀው የራሳቸውን በር ሲከፍቱ፣ በልጅነታቸው ሲበሉት የኖሩትን ወጥ ለመሥራት ከየት እንደሚጀመር አያውቁም። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ወጣት ደግሞ እናቱን ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ሽንኩርቱን ደህና አድርገህ አቁላላው፣ ከዚያ በርበሬ ታደርጋለህ፣ መጠኑን ታየዋለህ» የሚል ነው። እናት አልደበቀችም። እጇ የሚያውቀውን በቃል እንድትናገር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

> እናት የምታውቀውን አልደበቀችም፤ እጇ የሚያውቀውን በቃል እንድትናገር ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም።

የምግብ መጽሐፍ ሥራ ይህንን ክፍተት መሙላት ነው። «መጠኑን ታየዋለህ» የሚለውን ቃል ወስዶ ምን እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚታይ፣ ካልታየ ምን እንደሚደረግ መጻፍ። ይህን ያደረገ መጽሐፍ ቀጭንም ቢሆን፣ ሥዕል ባይኖረውም ገንዘቡ አይቆጭም።

## ከግብር ቤት እስከ ኅትመት

ስለ ምግብ መጻፍ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። «ሥርዓተ ግብር» በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ በነገሥታቱ ግብር ምን እንደሚቀርብና ለማን እንደሚደርስ ይዘረዝራል። ዓላማው ግን ማዕረግንና ድርሻን መደንገግ ነበር፤ ወጥ ለማስተማር አልተጻፈም። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያሰናዱት ታላቅ ድግስ በዜና መዋዕል ተመዝግቧል። የታሪክ ተመራማሪው ጀምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ ድግሱን የአገሪቱ ማዕድ በአንድ ስፍራ የተሰባሰበበት አጋጣሚ አድርገው ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። እዚያም ቢሆን ተመዝግቦ የተረፈው የድግሱ ግርማ ነው፤ የወጥ ቤቶቹ የእጅ ዕውቀት አልተጻፈም።

አሠራሩን በመጠንና በቅደም ተከተል መጻፍ የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ከጻፉትም ብዙዎቹ የጻፉት ለውጭ አንባቢ ነው። ሩት ሴሊኑስ የተባለች ጸሐፊ በ1971 እ.ኤ.አ. ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ ስለ መካከለኛው ደጋ ኢትዮጵያ ባህላዊ ምግቦች ጥናት አሳተመች። በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የዲ. ጄ. መስፍን «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» ወጣ፤ 178 የምግብ አሠራሮችን ከምግቦቹ ንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ጋር የያዘ መጽሐፍ ነው። በቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅቱ የሚታወቀው ዮሐንስ ገብረየሱስ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ» የተሰኘ በፎቶግራፍ የደመቀ መጽሐፍ አሳትሟል። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ኢትዮጵያን ለማያውቅ አንባቢ የሚያስረዱ በመሆናቸው እኛ «ይታወቃል» ብለን የምንዘለውን ሁሉ ይናገራሉ። በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛ የሚያነብ የአዲስ አበባ ላጤ አንዳንድ ጊዜ የእናቱን ወጥ ለፈረንጅ ከተጻፈ መጽሐፍ ይማራል።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። የቦስተን ምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረችው ፋኒ ፋርመር በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ «አንድ ማንኪያ» ስትል አፉ በቢላ ተስተካክሎ የተላገ ማንኪያ መሆኑን አስረግጣ ጻፈች፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ «ትንሽ ቅቤ፣ በቂ ዱቄት» እያሉ ያልፉ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢርማ ሮምባወር የተባለች የሴንት ሉዊስ ከተማ ነዋሪ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በራሷ ገንዘብ «ዘ ጆይ ኦፍ ኩኪንግ»ን አሳተመች። ወጥ ቤት ሆና አልሠለጠነችም፤ የቤት እመቤት ነበረች። መጽሐፏ ለትውልዶች ያገለገለው የአዘቦቱን ቀን ስለምታውቅ ነው።

በአማርኛ እስካሁን ጎልቶ የሚጎድለን ይኸው ነው። በየመንገዱ የሚገኙት ቀጫጭን መጻሕፍት ምግብ በመዘርዘር ለጋስ ናቸው፤ በማስረዳት ግን ይሳሳሉ። ከእነዚህ መሐል ጥሩውን ለመለየት ገዢው ራሱ የሚመዝንበት ነገር ያስፈልገዋል።

## የሽሮ ፈተና

መጽሐፉን ሲያነሡ ዶሮ ወጡን ይለፉትና ሽሮውን ይፈልጉ። ሽሮ «ማን ያጣዋል» ተብሎ በአራት መስመር የሚታለፍ ምግብ ነው፤ የጸሐፊው ትጋት የሚለካውም በዚህ ገጽ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ሽሮ ነው የሚለው ነው። ምጥን ሽሮ በርበሬውና ቅመሙ አብሮት ተፈጭቷል፤ ነጭ ሽሮ ግን በርበሬ የለውም፤ በአልጫ ካልተፈለገ በርበሬው ቁሌቱ ላይ ይገባል። «ሽሮውን ጨምሩ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ጀማሪውን ከሁለት አንዱ ላይ ይጥለዋል፤ ወይ ወጡ ገርጥቶ ይቀራል፣ ወይ በርበሬ በበርበሬ ላይ ተጨምሮ አይበላም።

ሁለተኛው ዱቄቱ እንዴት ይገባል የሚለው ነው። አንዳንዱ የፈላ ውሃ ላይ በአንድ እጁ እየነሰነሰ በሌላው ያማስላል፤ ሌላው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጨምራል። ሁለቱም ይሠራሉ። መጽሐፉ አንዱን መርጦ እንዳይጓጉል ምን እንደሚደረግ መናገር አለበት፤ ከጓጎለም መፍትሔውን ማስከተል አለበት። ሦስተኛው ውፍረቱ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሽሮ ከሦስት እስከ አራት ብርጭቆ ውሃ ማለት መነሻ ይሆናል፤ እንደ ተጋቢኖ ወፈር እንዲል ለሚፈልግ ውሃው ይቀንሳል፤ እንጀራ ላይ እንዲፈስ ለሚወድ ይጨምራል።

አራተኛውና ዋናው መብሰሉ እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው። «ለ15 ደቂቃ» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ሙሉው መልስ የዱቄቱ የጥሬ ሽታ ሲጠፋ፣ መንተክተኩ ረጋ ሲል፣ ዘይቱ ከላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምር የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ጨው አለ። በርበሬውም ሆነ ምጥን ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ጨው ከመጨመር በፊት መቅመስ ያስፈልጋል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ምድጃ ፊት ቆሞ ያውቃል።

> «ለ15 ደቂቃ» ግማሽ መልስ ነው፤ ሙሉው መልስ ሽታውን፣ ድምፁንና ዘይቱን ይነግረናል።

በሆቴል ሙያ ማሠልጠኛ ያስተማሩ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። አዲስ ሠልጣኝ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በቅመም ብዛት ሳይሆን «በሰለ» የሚባለውን ለይቶ በማወቅ ነው። ምልክቱን የያዘ ሰው ምድጃው ቢቀየር፣ ድስቱ ቢቀየር፣ አገሩም ቢቀየር አይጠፋበትም።

## ስኒው ስንት ይይዛል?

«አንድ ስኒ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት የቱ ስኒ የሚለው ነው። የቡና ስኒ አለ፤ የሻይ ስኒ አለ፤ በአሜሪካ መጻሕፍት ያለው «ካፕ» ደግሞ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሦስት የቡና ስኒ ያህል ይይዛል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አሠራር ይህን ሳያስተካክል «ስኒ» ብሎ ካለፈ፣ ሁለት ሰዎች ያንኑ ገጽ አንብበው ሁለት የተለያየ ምግብ ይሠራሉ። «የሾርባ ማንኪያ» 15፣ «የሻይ ማንኪያ» 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ በብዙ አገር ቢሠራበትም፣ በየቤታችን ያሉት ማንኪያዎች ጥልቀታቸው ይለያያል።

ደህና መጽሐፍ መግቢያው ላይ ስኒዬ ይህን ያህል ነው፣ ብርጭቆዬ ይህን ያህል ነው፣ ጭልፋዬም ይህን ያህል ነው ይላል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ገጽ በዚያው ይጸናል። ሚዛን በየቤቱ ስለሌለ በግራም ብቻ የሚጽፍ መጽሐፍ ብዙውን ሰው ከደጅ ያስቀረዋል፤ በ«እፍኝ»ና በ«ቁንጥር» ብቻ የሚጽፍ ደግሞ የጸሐፊውን እጅ እንድንበደር ይጠይቀናል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ይሻላል። «ሦስት ራስ ሽንኩርት» ሲልም መካከለኛ መሆኑን፣ ተከትፎ ስንት ብርጭቆ እንደሚሞላ ቢጨምር ለሐበሻውም ለውጭ አገሩም ሽንኩርት ይሠራል፤ የውጭ አገሩ አንድ ራስ ከእኛ የቀይ ሽንኩርት ሦስት ራስ ሊበልጥ ይችላልና።

የምድጃ ሙቀትም እንዲሁ ነው። አሜሪካ የታተመ መጽሐፍ 350 ዲግሪ ሲል በፋራናይት ነው፤ በሴልሲየስ 177 ገደማ ማለት ነው። «መካከለኛ እሳት» የሚለው ቃል ደግሞ ለስቶቭ ቁልፍ አለው፤ ለከሰል ምድጃ ግን የለውም። ቡታጋዝ፣ ኤሌክትሪክና ከሰል እየተፈራረቁ በሚያበስሉበት ቤት መጽሐፉ እሳቱን በሚያደርገው ነገር ማስረዳት አለበት፤ ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ይንሿሿ ወይስ ይንጣጣ፣ ወጡ ዳር ዳሩን ይፍላ ወይስ መሐሉም ይገለባበጥ።

## ከፍታው ያላነበብነው ገጽ ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር በባሕር ዳርቻ ከተሞች ከሚወስዱት የበለጠ ጊዜ የሚፈጁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለንደን ወይም ኒውዮርክ የተጻፈ መጽሐፍ «ሽምብራው በአንድ ሰዓት ይበስላል» ሲል አልዋሸም፤ የጻፈው ለራሱ ሰማይ ነው። በአዲስ አበባ የሚያነበው ሰው ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ፕሬዠር መጠቀም ወይም ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ይኖርበታል። ፕሬዠር እንፋሎቱን ይዞ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ያደርጋል፤ ለደጋ ከተማ ኩሽና እንደ ቅንጦት ዕቃ መታየት የለበትም።

ኬክ የሚጋግሩ ሰዎች ይህን በኪሳራ ያውቁታል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ በቀጭን አየር ውስጥ ከልክ በላይ ይሰፋል፤ ኬኩ በፍጥነት ይነሣና ሳይጸና መሐሉ ይሰጥማል። ከፍታ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ይመከራል። በአገር ውስጥ የተሞከረ መጽሐፍ ይህን አስተካክሎ ይመጣል፤ እንዳለ የተተረጎመ ግን አያስተካክልም። የኬክ ገጹ ላይ ስለ ከፍታ አንድም ቃል የሌለው የአዲስ አበባ መጽሐፍ አሠራሩ መሞከሩ ያጠራጥራል።

የከፍታው ነገር ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሠራል። ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው በአዲስ አበባ የተጻፈውን ሰዓት ከተከተለ ክኩ ይፈርስበታል። የእንጀራ ሊጥም በሙቅ አገር ቶሎ ይኮመጥጣል። «ሦስት ቀን ይቀመጥ» ከማለት ይልቅ ሊጡ ኩፍ ማለቱን፣ ከላይ ውሃ ማቅረሩን፣ ሽታው መኮምጠጡን የሚናገር መጽሐፍ ከደብረ ብርሃን እስከ ጂዳ ያገለግላል።

## ሁለት መቶ ምግብ ወይስ አንድ ቁሌት?

አዟሪዎች «200 ዓይነት ምግብ አለው» ሲሉ እንደ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ምግብ የሚወልድ ጥቂት ዕውቀት ነው። ከዚህ ዕውቀት ሁሉ የሚቀድመው ቁሌት ነው።

ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ደቆ ተከትፎ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ሲገባ ውሃው ይወጣል፤ ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያ ነጥቡ አያልፍም፤ ሽንኩርቱ ይላላል እንጂ አያርርም። ውሃው ሲያልቅና ዘይቱ ሲገባ ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል፤ ጣፋጭነቱና ቀለሙ የሚመጣው ያኔ ነው። የበርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም የሚሟሟው በዘይት ውስጥ ነው፤ በርበሬ ከውሃ በፊት ከዘይቱ ጋር የሚገናኘው ለዚህ ነው። ደረቅ በርበሬ ቶሎ ስለሚያርር ግን ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉታል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። መከለሻ ግን መጨረሻ ላይ የሚገባው መዓዛው በረዥም እሳት ስለሚጠፋ ነው።

ይህን አንድ ገጽ በሚገባ የተረዳ ሰው ምስር ወጥ፣ ክክ ወጥ፣ ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ የበግ ወጥና ቀዩን የሥጋ ወጥ ሁሉ በእጁ ይዟል። በርበሬውን ትቶ እርድ ሲያደርግ የአልጫው በር ይከፈትለታል። ከዚህ በኋላ ዶሮ ወጥ ራሱ የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ይቀራል፤ ብዙ ሽንኩርት፣ ረዥም ጊዜና ዶሮን ወደ አሥራ ሁለት ብልት የማውጣት ጥበብ ነው የሚጨመርበት።

> ጀማሪ የሚያስፈልገው ብዙ ምግብ የሚወልድ ጥቂት ዕውቀት ነው።

በዓለም ላይ በቅርብ ዓመታት ከተወደዱት የምግብ መጻሕፍት አንዱ የሳሚን ኖስራት «ሶልት፣ ፋት፣ አሲድ፣ ሂት» ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሞ ጨው፣ ቅባት፣ ኮምጣጣነትና ሙቀት በምግብ ላይ የሚሠሩትን ያስረዳል፤ በፎቶግራፍ ፈንታ በእጅ የተሣሉ ሥዕሎችን ይዟል። ምክንያት የሚያስረዳ መጽሐፍ ፎቶግራፍ ባይኖረውም አንባቢ አያጣም። በአማርኛም በቁሌት፣ በቅመም፣ በእርሾና በእሳት ላይ የቆመ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚበቃ ዕውቀት አለን።

## መጽሐፉ የቤቱን ጾም ያውቃል?

የአዘቦት ምግብ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የታሰረ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ ዓቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን ሲጾም ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ያልፋል። እንዲህ ባለ ቤት የጾም ምግብ በመጨረሻ ምዕራፍ የሚታከል ነገር አይደለም፤ የመጽሐፉ እኩሌታ መሆን ይገባዋል። ብዙዎቹ ጾመኞች የሚያማርሩት ምስር፣ ክክና ጎመን እየተመላለሱ ስለሚሰለቹ ነው። ጥሩ መጽሐፍ የሱፍ ፍትፍትን፣ ስልጆን፣ ተልባን፣ የሽምብራ አሳን፣ ፎሶሊያን፣ ቀይ ሥርን ወደ ሳምንቱ ማዕድ ይመልሳል።

የሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በረመዳን ከመግሪብ በፊት የሚደርስ ሾርባና ሳምቡሳ፣ ለሱሁርም ቶሎ የማያስርብ ነገር ይፈልጋል። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ሥጋና ወተትን አንድ ላይ ስለማይበሉ ዶሮ ወጣቸው የሚሠራው በቅቤ ፈንታ በዘይት ነው። ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶች በአማርኛ ፊደል የጻፉትን የከብሳና የሩዝ አሠራር በደብተር ይዘው ይመጣሉ። አንድ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም፤ መያዝም የለበትም። ለማን እንደተጻፈ ግን በግልጽ ሊናገር ይገባል፤ ገዢም «ይህ የእኔን ቤት ሳምንት ያውቀዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

## ቪዲዮው እያለ መጽሐፍ ለምን?

ይህን ጥያቄ ወጣቶች ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ተገቢም ነው። እንደ ጆርዳና ኩሽና ያሉ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችና በዩቲዩብ የሚሠሩ ሴቶች ለብዙ ቤት ባለውለታ ናቸው። የቁሌትን ቀለም፣ የሊጥን መሳብ፣ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ የሚታየውን ምንም ጽሑፍ እንደ ቪዲዮ አያሳይም።

ቪዲዮ የማይሰጠው ደግሞ አለ። ሽንኩርት በነካ እጅ ስልክ እየመለሱ «ስንት ማንኪያ ነበር ያለችው?» ማለት አድካሚ ነው፤ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ዛሬ ያዩትን ነገ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። መጽሐፍ ትምህርቱን በቅደም ተከተል ያስይዛል፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይወስዳል፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ ይነበባል። አካሄዱን ከመጽሐፍ፣ ምልክቱን ከቪዲዮ የሚወስድ ሰው ሁለቱንም በልክ ተጠቅሟል።

## ከመክፈል በፊት

መጽሐፉን ቆመው ሲያዩት ጥቂት ገጽ ይበቃል። መጀመሪያ ሽሮውን ወይም ምስር ወጡን ያንብቡ፤ ከላይ የተነሡትን ጥያቄዎች ይጠይቁት። ቀጥሎ የሚያስፈልጉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ያለው ሁሉ በአሠራሩ ውስጥ መጠቀሱን ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ዝንጅብል አሠራሩ ላይ ከጠፋ ማንም አልሞከረውም። ስንት ሰው እንደሚያበላ ተጽፏል? ለስምንት ሰው ብቻ የሚጽፍ መጽሐፍ ለላጤ አይሆንም። የተረፈው ወጥ ለነገ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚሠራበት ይናገራል? ማውጫው በምግብ ዓይነት የተከፈለና በቀላሉ የሚገኝ ነው? ጥራዙ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይቆማል ወይስ ቅጠሎቹ በሁለተኛው ቀን ይለቃሉ?

ከዚያ ዕቃዎቹን ይመልከቱ። በሰፈር ሱቅና በጉልት የማይገኝ ነገር በየገጹ ካለ መጽሐፉ ለሌላ ከተማ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ገዢ ደግሞ ኮረሪማ፣ ኮሰረት ወይም በሶብላ ባይገኝ ምን እንደሚደረግ የሚነግረውን ይምረጥ። እንጀራ በሱቅ በሚገዛበት ከተማ የእንጀራ ምዕራፍ ቢያጥር አይጎዳም፤ ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር በሚደባለቅበት አገር ግን ዋናው ምዕራፍ እሱ ነው።

የተገዛው መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ መደርደሪያ ላይ እንዲኖር አይደለም። እርሳስ ይያዙና ጎኑ ላይ ይጻፉ፦ «ለእኛ ምድጃ አሥር ደቂቃ ይጨመር»፣ «በርበሬው ይቀነስ»። እናት ወይም አክስት ስትሠራ ከጎኗ ቆመው፣ ወደ ድስቱ ከመግባቱ በፊት በብርጭቆ ይለኩት፤ እሷ «በቃ» ያለችበትን ምልክት ይጻፉ። እንዲህ የተጻፈበት መጽሐፍ የአንድ ቤተሰብ ይሆናል።

አሳታሚዎችና ጸሐፊዎችም ድርሻ አላቸው። አንድ አሠራር ከመታተሙ በፊት ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊሞክረው ይገባል፤ እሱ የተደናገረበት ቦታ ሁሉ እንደገና ይጻፍ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ትርፉ ግን ትልቅ ነው። የጓዳ ዕውቀት እስከ ዛሬ የተላለፈው እናቷ አጠገብ ለመቆም ዕድል ላገኘችው ልጅ ብቻ ነው፤ እናቷን በልጅነቷ ያጣችው፣ በስደት ያደገችው፣ ወንድ በመሆኑ ከጓዳ የተባረረው ከዚህ ዕውቀት ውጭ ቀርተዋል። በደንብ የተጻፈ ቀላል የምግብ መጽሐፍ እነዚህን ሁሉ በእኩል ያስተምራል። ስለዚህ ለሴት ልጃችን የምንገዛውን መጽሐፍ ለወንድ ልጃችንም እንግዛለት፤ የመጀመሪያውን ምስር ወጥ ሁለቱም ከቤት ሳይወጡ ይሥሩት።